ምጸቱና ዘይቤው አንድ ላይ ሲመጡ እንዴት ልጻፈው?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሼክስፒር ተውኔት «ሮሜዎና ጁልየት» ትንተና እየጻፍኩ አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁ።

በአምስተኛው ገቢር መጨረሻ ሮሜዎ መቃብሩ ውስጥ ይገባል። ጁልየትን አይቶ፣ የውበት ሰንደቅ ከንፈሯና ጉንጯ ላይ አሁንም ቀይ ነው፣ የሞት የገረጣ ባንዲራ ገና አልተተከለባትም ይላል። ጁልየት ለ42 ሰዓት የሞተች የሚያስመስል የእንቅልፍ መድኃኒት መጠጣቷን እኛ እናውቃለን። እሱ አያውቅም። እውነቱን በገዛ አፉ ተናግሮ መርዙን ይጠጣል! ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ሰንደቁ ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱን ነገር በሌላ ነገር መስሎ መጥራት) መሆኑ ገብቶኛል። ድራማዊ ምጸቱም (ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕሪው አለማወቁ) ግልጽ ነው። ግራ የገባኝ የሁለቱ ግንኙነት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዘይቤው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሮሜዎ በሕይወት መኖሯን እንዳያይ የጋረደውም እሱ ነው። ምልክቱን አየ፣ ግን ወደ ግጥም ቀየረው። ይህ አተረጓጎም ያስኬዳል ወይስ ድርሰቱ ያላለውን እያስባልኩት ነው?

የጁልየት አባት በአራተኛው ገቢር ሞትን «አማቼ» ማለቱስ? እሱም የሚያለቅሰው ላልሞተች ልጅ ነው። ይሄኛው ሞትን እንደ ሰው የሚያይ ሰውኛ ዘይቤ ነው። ከሮሜዎ ንግግር ጋር በአንድ አንቀጽ ላጣምረው ወይስ ለብቻው ልጻፈው? የምታውቁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።