ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ፦ ረጅም ሻፍት በቶርኖ ላይ ስንሠራ

ሰብሳቢ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የወፍጮና የፓምፕ ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) ሥራ ስለበዛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ቶርኖ ቤቶች (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ያለን) አንድ ደንብ ይኑረን ተብሏል። መነሻው ይህ ነው፦ ከቻክ (ብረቱን በጥርስ ይዞ ከሚያዞረው) የወጣው ብረት ርዝመቱ ከዲያሜትሩ 3 እጥፍ ካለፈ በቴልስቶክ (የቀኝ ጫፉን በሚደግፈው ክፍል) ይያዝ፤ 10 እጥፍ ካለፈ ስቴዲ ሬስት (ብረቱን መሃል ላይ በሦስት ጣት የሚደግፍ ቋሚ መያዣ) ወይም ፎሎወር ሬስት (ከቢላው ጋር እየሄደ የሚደግፍ) ይጨመርበት። ለማኅበሩ ደግሞ አንድ የጋራ ስቴዲ ሬስት ይገዛ። ማሻሻያ ያላችሁ ጻፉ።

ሻፍት ሠሪ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ በ3ና በ10 እስማማለሁ፤ ምክንያታቸውም አብሮ ይጻፍ። ቁጥር ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንም ዞሮ አያየውም። በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ብረት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ግፊት 8 እጥፍ ይጎብጣል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ 16 እጥፍ። 40 ሚሊ ሻፍት 1.2 ሜትር ከሆነ የዲያሜትሩ 30 እጥፍ ነው። በሁለት ሴንተር (ሁለቱን ጫፍ በሚይዙ ሹል መያዣዎች) ቢያዝም መሃሉ ከቢላው ስለሚሸሽ ጫፎቹ ልክ ሆነው ሆዱ ወፍሮ ይቀራል። ይህን አይቶ ቴልስቶኩን የሚነካካ አለ፤ ደግ አይደለም። ቴልስቶክ ከመስመር ሲወጣ ሻፍቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ ሆዱ አይወፍርም።

ሐጂ (ኮምቦልቻ)፦ ከፊት ያለውን ብዙ አወራችሁ፤ ሰው የሚገድለው ከኋላ ያለው ነው። 6 ሜትር ብረት ሳይቆረጥ በስፒንድሉ (ቻኩን በሚያዞረው ዘንግ) ቀዳዳ አሾልኮ ማሠራት ይከልከል። ቀጭን ብረት ከኋላ ተርፎ ሲዞር ትንሽ ጉብጠት ትበቃዋለች። ጉብጠቷ ወደ ውጭ ትስበዋለች፤ በተሳበ ቁጥር የበለጠ ይጎብጣል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ 90 ዲግሪ ታጥፎ ዙሪያውን ይጠርጋል። ስቦ የሚያወጣው ኃይል በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ በደቂቃ በ200 ዙር ጸጥ ብሎ የነበረ ብረት በ800 ዙር 16 እጥፍ ይሳባል። የእኔ ሐሳብ፦ ብረቱ ከስፒንድሉ ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ በሰጌቶ ወይም በፍሌክስ ይቆረጥ። የግድ መትረፍ ካለበት ሙሉ ርዝመቱን በሚሸፍን ቱቦ ውስጥ ይግባ፤ ቱቦው ሁለት ቦታ ላይ በአንግል ብረት እግር ይያዝና እግሩ ወለሉ ላይ በቡሎን ይታሰር። ብረቱን በወንበርና በጣውላ ደግፎ ማስነሳት ድጋፍ አይባል።

አሠልጣኝ (ኮምቦልቻ)፦ ሐጂ ያሉት አንደኛ አንቀጽ ይሁን። እኔ የስቴዲ ሬስቱን አገጣጠም ልጨምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ጣቶቹ ጥቁር (ገና ያልተቆረጠ) ብረት ላይ አይቀመጡም፤ ብረቱ ክብ ስላልሆነ መዛነፉ ወደ ሥራው ይተላለፋል። መጀመሪያ በሁለት ሴንተር ተይዞ፣ ጣቶቹ የሚያርፉበት 30 ሚሊ ያህል ስፋት በቀላል ቆረጣ ንጹሕ ክብ ይደረግ። ከዚያ ማሽኑ ቆሞ የታችኛዎቹ ሁለት ጣቶች ቀጭን ወረቀት እስኪይዙ ይቅረቡ፤ የላይኛው በመጨረሻ። ግራሶ ይቀባ፤ በዝቅተኛ ዙር ለጥቂት ጊዜ ይሽከርከር፤ ማሽኑን አቁሞ ሙቀቱን በእጅ መፈተሽ ነው። ሌላ ብዙ የማይታወቅ ነገር፦ ስቴዲው ከስፒንድሉ መስመር ትንሽ ከወጣ፣ በቻክ ብቻ የተያዘ ሥራ በየዙሩ እየተወዘወዘ ከጥርሱ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። በዓይን አይታይም። ቻኩ ጥርስ አጠገብ ብረቱ ላይ የኖራ ምልክት ይደረግ፤ ምልክቱ ከጥርሱ ከራቀ ማቆም ነው።

ሻፍት ሠሪ፦ ሙቀትም ይግባ። 1.2 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ግማሽ ሚሊ ገደማ ይረዝማል። ቴልስቶኩ ከጠበቀ መሄጃ ስለሚያጣ ይጎብጣል። ከሻካራው ቆረጣ በኋላ ሴንተሩ ላላ ተደርጎ እንደገና በልኩ ይጥበቅ። ለ40 ሚሊ ልስልስ ብረት በሃይ ስፒድ (ጠንካራ ብረት) ቢላ 200 ዙር ይበቃል፤ ካንቀጠቀጠ ዙሩ ይቀነስ፣ አፍንጫው ጠባብ ቢላ ይያዝ።

ባለ ሁለት ማሽን (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ የጋራ ስቴዲ ሬስት መግዛቱን እቃወማለሁ። የማሽኖቻችን ቤድ (የማሽኑ ሐዲድ) ስፋትም የሴንተር ቁመትም አይገናኝም፤ የአንዱ በሌላው ላይ አይቀመጥም። ደግሞስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሐረጎ ቁልቁለት እየተመላለሰ ማን ይጠብቀዋል? አካሉን እያንዳንዱ በማሽኑ ልክ ከወፍራም ላሜራ ቆርጦ ይበይድ። ማኅበሩ በጣቶቹ ጫፍ የሚገባውን ኩሽኔታ (ተሽከርካሪ ቀለበት) በጅምላ ይግዛ፤ ለአንድ ስቴዲ ቁጥሩ 6203 የሆነ ሦስት ይበቃል።

ሰብሳቢ፦ ተቀብያለሁ። የጋራ ግዢው ኩሽኔታ ብቻ ይሁን።

ሐጂ፦ በኩሽኔታ ሲሆን የብረት ፍቅፋቂ ከሥሩ እንዳይገባ የቆርቆሮ ክዳን ይደረግለት፤ ከገባ ሻፍቱን ይበላዋል።

አሠልጣኝ፦ ሦስት አጫጭር ነገሮች፦ ጓንት የለም፤ ብርጭቆ ወረቀት በጣት ተጠቅልሎ አይያዝም፤ ፍቅፋቂ በእጅ ሳይሆን በመንጠቆ ይነሣ፣ እሱም ማሽኑ ቆሞ።

ባለ ሁለት ማሽን፦ መብራቱስ? ሄዶ ሲመለስ በተራ ማብሪያ የሚሠራ ማሽን ሰው ሻፍት እየለካ ሳለ በራሱ ይነሣል። ኮንታክተር (በመብራት ኃይል ተይዞ የሚቆይ ማብሪያ)ና የማስነሻና የማቆሚያ ሁለት ቁልፍ ይግባ፤ መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ አረንጓዴው ማስነሻ ካልተጫነ አይነሣም።

ሰብሳቢ፦ ይገባል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል፦ የኋላ ብረት፣ ኮንታክተር፣ 3ና 10 እጥፍ፣ የስቴዲ አገጣጠም፣ ሙቀት። ሁላችሁም እስከ ቅዳሜ ከቤድ እስከ ሴንተር ያለውን ቁመትና የቤዱን ስፋት ለኩና እዚሁ ላኩ፤ የላሜራውን ንድፍ በዚያ እናወጣለን።

ባለ ሁለት ማሽን፦ የኔ ትልቁ፦ ቁመት 200 ሚሊ፣ ቤድ 300 ሚሊ። ትንሹ፦ 160 እና 220።