ባለ ሁለት ካርቡሬተር ሞተር ሚኒሞው አልስተካከል አለኝ

ጥያቄ፦
እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራው ኤምጂቢ መኪናዬ ኤስዩ የተባሉ ሁለት ካርቡሬተሮች (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉ ክፍሎች) አሉት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ይንገጫገጫል፤ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ስመለከት የፊተኞቹ ሁለቱ በጥቀርሻ ጠቁረው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ነጥተው አገኘኋቸው። የድብልቅ ማስተካከያውን ዳዶ ደጋግሜ ባዞርም አንዱ ሲሻለው ሌላው ይብስበታል። ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦
ዳዶውን ለጊዜው ይተዉት። በካርቡሬተር የሚሳበብ ጥፋት ብዙ ጊዜ የማቀጣጠያው ወይም የቫልቮቹ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ አስቀድመው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት 0.38 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው (የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል) ደግሞ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ። ትልቁን ፍንጭ ግን ካንዴላዎቹ ሰጥተውዎታል፤ የጠቆረው ቤንዚን መብዛቱን፣ የነጣው ማነሱን ያሳያል። በዚህ ሞተር የፊተኛው ካርቡሬተር በዋናነት 1ኛና 2ኛ ሲሊንደሮችን፣ የኋለኛው 3ኛና 4ኛን ስለሚመግብ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ችግር ያለበት ይመስለኛል። በኋለኛው በኩል በጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ወይም በተበላው የስሮትል (የአየር መክፈቻና መዝጊያ) ዘንግ ዙሪያ አየር ሾልኮ እንደሚገባ ይመርምሩ።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። የምጨምረው ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል አየር ሳይስቡ ድብልቅ ማስተካከል ከንቱ ድካም መሆኑን ነው። መኪናውን ደጅ አውጥተው ሞተሩን በደንብ ያሙቁት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ከዚያ የአየር ፊልትሮዎቹን አውልቀው፣ ሁለቱን ስሮትሎች የሚያያይዘውን ዘንግ ካላሉ በኋላ፣ የቀጭን ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ አድርገው ሌላውን በየካርቡሬተሩ አፍ እያስጠጉ፣ የሚሰማው የአየር ድምፅ እኩል እስኪሆን ድረስ የሚኒሞ ብሎኖቹን በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩ።

ድብልቁን የሚፈትኑት ከዚያ በኋላ ነው። የአንዱን ካርቡሬተር ፒስተን (የሞተሩን ሳይሆን በካርቡሬተሩ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለውን) በማንሻው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፤ የሞተሩ ዙር ጨምሮ እዚያው ከቆየ ቤንዚን በዝቷል፣ ወዲያው ከወረደ አንሷል፣ ለቅጽበት በጥቂቱ ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ዳዶው ስድስት ጎን ስላለው በአንድ ጊዜ ከአንድ ጎን በላይ አያዙሩት፤ ወደ ላይ ሲወጣ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይጨምራል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኋለኛው ጓርኒሲዮን ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር። የፊተኛው ደግሞ የቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቤንዚን የሚያበዛው) ገመድ ተወጥሮ ስለቀረ ጄቱ (ቤንዚን የሚወጣበት ቀዳዳ) ወደ ቦታው ሳይመለስ ቤንዚን ያበዛ ነበር። ሁለቱን ካስተካከልሁና አየሩን ካመጣጠንሁ በኋላ ዳዶው የፈለገው የአንድ ጎን ዙር ብቻ ሆነ፤ የአራቱም ካንዴላዎች ቀለም አሁን ቀላል ቡናማ ነው።