ልጄ ተርፏል፣ ቤታችን ግን ተለውጧል

ጠያቂ፣ ከሽምብጥ፦
የዘጠኝ ዓመት ልጄን ባጃጅ ገጭቶት ጭንቅላቱ ከተጎዳ ስምንት ወር አልፎታል። ቁስሉ ስለዳነ፣ መሄድም መናገርም ስለቻለ፣ ያየው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ» ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ስለሚጮህ ቡና የምወቅጠው ጎረቤት ቤት ሄጄ ነው። የነገርኩትን ወዲያው ይረሳል፤ በትንሽ ነገር ተቆጥቶ ያገኘውን ይወረውራል። ባለቤቴ ያሞላቀቅሁት እኔ እንደሆንኩ ያምናል። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ማንም ሳያዛት ወንድሟን ማጠብና ማብላት ይዛለች። ይህ ጠባይ የጉዳቱ ነው ወይስ የአስተዳደግ?

መልስ፣ ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ቁጣን ለመግታትና ሥራን በቅደም ተከተል ለመያዝ ዋነኛ በመሆኑ፣ እርሱ ሲጎዳ ልጁ ጥፋት መሆኑን እያወቀ እንኳ ራሱን መግታት ሊያቅተው ይችላል። ድምፅ መጥላትና ቶሎ መድከምም ከጉዳቱ በኋላ የተለመዱ ናቸው። ሲያዙት አንድ ነገር ብቻ ይዘዙት፤ ሳይደክመው ያሳርፉት። የሚጥል በሽታ ቢጥለው፣ ወይም ራስ ምታቱ ብሶ ቢያስመልሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዱት። ትምህርቱ እየከበደ ሲሄድ አዲስ ችግር ሊታይ ስለሚችል ለመምህሩ ከአሁኑ ይንገሩ።

መልስ፣ አባት፣ ከዘጌ፦
የእኔ ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነው። እኔም እንደ ባለቤትሽ አርጩሜ ያስተካክለዋል ባይ ነበርኩ። እናቱ ገበያ የሄደች ዕለት ብቻዬን አብሬው ዋልኩ፤ አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ «ጫማዬስ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የገረፍኩት ባላጠፋው ጥፋት እንደነበር ገባኝ። ጠበልም ወስደነዋል፤ ነገር ግን በድንገት ማቋረጥ መጣሉን ሊያባብስ ስለሚችል የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አንድ ቀን አላስታጎልንም።

መልስ፦
እኔ እንደ ሴት ልጅሽ ያደግሁ ነኝ። ሰው ሁሉ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር እንጂ ትምህርት ቤት እንዴት እንደዋልኩ የጠየቀኝ አልነበረም። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው፤ መቅናቴንም ለማን እናገራለሁ? ባትነግርሽም ጠይቂያት።

ጠያቂ፦
ባለቤቴ ጽሑፋችሁን አንብቦ ዝም አለ፤ ቅዳሜ ከልጁ ጋር እንዲውል ስጠይቀው ግን እሺ ብሏል። ልጄን «እኔና አንቺ ጣና ዳር እንሂድ» ብላት «እሱንስ ማን ያጥበዋል?» አለችኝ።