ከአራት ኪሎ ተነስቶ በሐይቅ ዳር ወፎችን ለመመልከት

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነዋሪ ስሆን፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ በሐይቅ ዳር በእግር እየተጓዝኩ የውኃ ወፎችን ለመመልከት አስቤአለሁ። ዝዋይ ይሻላል ወይስ አብያታ? ወቅቱስ መቼ ነው?

መልስ፦ ከአውሮፓ የሚሰደዱት ወፎች እዚህ የሚከርሙት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ስለሆነ በዚያን ጊዜ ይሂዱ። ለጀማሪ የምመርጠው ዝዋይን ነው፤ በሞጆ በኩል ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ (ዝዋይ) ከተማ፣ የዓሣ ጀልባዎች በሚቆሙበት ስፍራ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ ለመሻማት ከሰው እግር ሥር ስለሚቆሙ፣ መላጣ አናታቸውንና አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ያለ ባይኖኩላር ማየት ይቻላል። ሽታውን ግን ይቻሉት።

መልስ፦ በዝዋይ እስማማለሁ፤ ሆኖም ፍላሚንጎ ለሚሻ ሰው አብያታን የሚተካ የለም። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውኃ ለመስኖ በመጠለፉና ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ጨው) ምርትም ከሐይቁ ውኃ በመሳቡ፣ ጥልቀት የሌለው አብያታ እጅግ ሸሽቷል። ጨዋማነቱ ጨምሮ ዓሣው ሲመናመን፣ በአጎራባቹ የሻላ ሐይቅ ደሴቶች እየፈለፈሉ አብያታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ራቅ ወዳሉ ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው። ዳርቻው ላይ የደረቀ የሚመስለው ነጭ ጭቃ ከላይ ቅርፊት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከብቶች ከረገጡት ዱካ አይውጡ፤ መኪናዎንም ርቀው ያቁሙ።