ቅድመ ክፍያ ሲም ወይስ የ36 ወር ውል? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖቼ። በዲቪ መጥተን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። እስካሁን በአክስቴ የስልክ አካውንት ላይ ተደርበን ቆየን፤ አሁን የራሳችንን ማውጣት አለብን።

ባለቤቴ ውል እንፈርም ይላል። ሱቁ ውስጥ «አይፎኑ ነጻ ነው» አሉት። ወረቀቱን ሳነበው ግን ስልኩ ለ36 ወር የተከፋፈለ ዕዳ ነው፤ ቅናሹ በየወሩ ከቢሉ ላይ ይነሳል፣ ቀድመን ከወጣን ቅናሹ ይቀርና የተረፈውን ዕዳ እኛው እንከፍላለን። ነጻ ማለት ይሄ ከሆነ እንግዲህ! በዚያ ላይ ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ገና ስላልገነባን ማስያዣ ጠየቁን።

እኔ ልቤ ወደ ቅድመ ክፍያው ነው። ክሬዲት አያዩም፣ ካልተመቸን እንለቃለን። ከቅድመ ክፍያ ኩባንያዎቹ ሚንት በቲሞባይል፣ ቪዚብል በቬራይዘን፣ ክሪኬት በኤቲኤንድቲ ኔትወርክ እንደሚሠሩ አውቃለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ደግሞ ብዙዎቹ ርካሽ ፕላኖች ከባለ ውሎቹ ኋላ ነው የሚሰለፉት። ሬገን ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ አፑ ቀጥ ቢልበትስ?

በቅድመ ክፍያ ስልክ ኡበር የምትነዱ፣ የቱን ይዛችኋል? ማታ ማታና በበዓል ቀን እንዴት ነው? ደግሞ አባቴ ገጠር ስለሆነ ቴሌግራም የለውም፤ ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ ስትደውሉ በምን ነው የሚረክሰው? ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሳምሰንግ በየትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ ከመግዛቴ በፊት የማጣራበት መንገድ ካለም ንገሩኝ። ባለቤቴ ዓርብ ሊፈርም ቀጠሮ ይዟል።