ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከፋሲካ በፊት የጾም ወቅት ልታውጅ ይገባታልን? (ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ ከአንድ የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ የመጣ ነው። የአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ የ2019 ዓ.ም. መርሐ ግብሩን ሲያወጣ፣ ከመስከረሙ የአዲስ ዓመት አምልኮ፣ ከጥቅምት 21ዱ የተሐድሶ መታሰቢያ፣ ከገናና ከክረምቱ የልጆች ትምህርት ጋር አንድ አዲስ ነገር ጨምሯል። ከመጋቢት 8 ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ድረስ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በጋራ እንዲጾሙ፣ ማታ ለጸሎትና ለሕማማት ንባብ እንዲሰበሰቡ፣ የእነዚያን ቀናት የምሳ ወጪም ድኾችን ለሚረዳው የዲያቆኒያ ክፍል እንዲሰጡ ይላል። ሐሳቡ ለምእመናን ጉባኤ ገና አልቀረበም። የደገፈም የተቃወመም ምክንያቱን ያስረዳ፤ የሌላውን እምነት ጾም መንቀፍ ግን የዚህ ክርክር ክፍል አይደለም።

ሐሳቡን ካረቀቁት ሽማግሌዎች አንዱ (አዲስ አበባ)፦ ለምን እንዳሰብነው ላስረዳ። ፋሲካን በዝማሬ እናከብራለን፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን መድረካችን ላይ ከሌላው ጊዜ የሚለይ ነገር አይታይም። አንዱ እሑድ ስለ በረከት ይሰበካል፣ ቀጣዩ ስለ ትዳር፣ ሌላው ለሕንፃ ግንባታ መዋጮ ቅስቀሳ ይሆናል፤ የስቅለት ዓርብ ሲደርስ የጌታ መከራ በአንድ ስብከት ተነግሮ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያናችን ከሉተራን አባቶቿ የወረሰችው የቤተ ክርስቲያን ዓመት ይህን ክፍተት የሚሞላ ሥርዓት ነበረው፤ በከተማ አጥቢያዎች ግን በየወሩ በሚጠራ ኮንፈረንስ ተተክቷል። የአርባው ቀን ዝግጅት የአንድ ወገን ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በአምስተኛው ቀኖናው አርባውን ቀን ሲጠቅስ ዛሬ የምንቆጥራቸው መለያየቶች ገና አልመጡም ነበር።

ቀኑን በተመለከተም የጠየቁን አሉ። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። ከዚያ 46 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን ስድስቱን እሑዶች ከጾም ስናወጣ አርባ ቀን ይቀራል፤ መጋቢት 8 የተገኘው በዚህ ነው። የምዕራቡ ዓለም ፋሲካ በዚያው ዓመት መጋቢት 19 ስለሚሆን፣ ከውጭ የሚመጣውን የንባብ ሰሌዳ እንዳለ ብንወስድ ኖሮ ትንሣኤን ከአገራችን ሰው አምስት ሳምንት ቀድመን ልንዘምር ነበር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወገኖቻችን ደግሞ የካቲት 29 ጀምረው 55 ቀን ይጾማሉ፤ እኛ ያንን እንቅዳ አላልንም።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ሐሳቡን እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1522 በዙሪክ ከተማ፣ በጾሙ ወራት፣ በአንድ አታሚ ቤት የተሰበሰቡ ሰዎች ቋሊማ በሉ። የከተማዋ ሰባኪና የተሐድሶ መሪ የነበረው ዝዊንግሊ በቤቱ ነበር፤ እርሱ ባይበላም ጉዳዩ ወደ ከተማው ምክር ቤት በደረሰ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቶ የክርስቲያንን አርነት ሰበከ። የስዊዘርላንድ ተሐድሶ በአደባባይ የተነሣው በዚህ ነገር ነው። ጥቅምት 21 ቀን ተሐድሶን በዝማሬ አስበን መጋቢት 8 ቀን ደግሞ የመብል ሕግ ብናውጅ፣ ሁለቱን መርሐ ግብሮች በአንድ ወረቀት ላይ ማተም እንኳ የሚያሳፍር ይመስለኛል። ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በመብልና በመጠጥ ወይም በበዓል ነገር ማንም እንዳይፈርድባቸው ጽፎላቸዋል።

«ግዴታ አይደለም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሆኖም በአጥቢያዎቻችን ፈቃደኝነት እንዴት ወደ ግዴታ እንደሚለወጥ ሁላችንም እናውቃለን። በእኔ መዘምራን ውስጥ ከዓርቡ ጾም ጸሎት ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው እሑድ ከመድረክ ይታገዳል። በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ላይ አልተጻፈም፤ አስተባባሪው ጠጋ ብሎ «ሰሞኑን በመንፈስ ደከም ብለሃል» ይልሃል፣ ልብሰ ዝማሬህም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የወጣቶች አገልጋይ (ሐዋሳ)፦ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የ21 ቀን የዳንኤል ጾም በየአጥቢያው ሲታወጅ፣ ከሥጋና ከጣፋጭ ተከልከሉ ተብሎ ዝርዝር ሲታደል፣ «የመብል ሕግ ነው» ብሎ የተነሣ ሰው ነበረን? እኔ አልሰማሁም። ያ ጾም በቴሌቪዥን ከሚታዩ የውጭ አገልጋዮች ሲመጣ መንፈሳዊ ነው፤ ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግን ሕግ ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እህት ከጎንደር፦ ያደግሁት ሁዳዴ በሚጾምበት ቤት ነው። የጾሙን ሳምንታት ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና በስማቸው እየጠራሁ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ሳልቀምስ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ጾምን ከሩቅ ሆኜ አልተችም። እዚህ ላይ ያልተነገረውን ምክንያት ግን ልናገር። ስለዚህ ሐሳብ ባለፈው ወር በነበረን ውይይት ላይ በተደጋጋሚ የሰማሁት «ጎረቤቶቻችን ጴንጤ አይጾምም እያሉ ይሰድቡናል፤ ይህ ስድብ ይቅር» የሚል ነው። ሽማግሌው በጽሑፋቸው አላነሡትም፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ከኒቅያ ጉባኤ ይልቅ ይህ ነበር የሚደመጠው። እንግዲህ ሰው እንዲያየን የምንጾም ከሆነ፣ ጌታ በተራራው ስብከት ዋጋቸውን ተቀብለዋል ያላቸው ሰዎች እኛ ነን ማለት ነው።

ጌታን ከተቀበልሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተሰቤ የሄድሁት በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። እናቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በጾም ወራት የወተት ዕቃ ከጓዳ የሚያስወጡ ሰው ናቸው። በደረስሁ በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳይናገሩኝ፣ ከጎረቤት መጥበሻ ተውሰው፣ ለእኔ ብቻ እንቁላል ጠብሰው አቀረቡልኝ። የቤታቸውን መጥበሻ እንዳያስነኩ የሰው ተውሰዋል፤ ልጃቸውም እንዳትራብ ለራሳቸው የማይፈቅዱትን በእጃቸው ሠርተዋል። እኔ ደግሞ እንቁላሉን ለጎረቤት ልጆች ሰጥቼ ከእሳቸው ጋር ሽሮ በላሁ። ጾምሁ አልልም፤ ቁርሴን በልቻለሁና። ነገር ግን እናቴና እኔ ስለ እምነት ያለ ጠብ መነጋገር የጀመርነው በዚያ ሳምንት ነው፤ ለዚህም የጉባኤ ዐዋጅ አላስፈለገንም። ለጎረቤት ማሰብ ከሆነ ዓላማችን፣ ረቡዕ ቀን በመሥሪያ ቤት ክበብ ውስጥ ከጾመኞች ፊት ለፊት ተቀምጠን ጥብስ እያዘዝን አርነታችንን ማሳየታችንን እንተው። ጳውሎስ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ሲል፣ ያሰበው ስለ ወንድሙ እንጂ ስለ ቀን መቁጠሪያ አልነበረም።

ቄስ ከምዕራብ ወለጋ፦ የጎረቤቱ ነገር በእኛ አካባቢ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ብዙው ጎረቤት ራሱ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ስለ ሆነ ማን ይሰድበናል የሚለው ጥያቄ አይነሣም። የሚያሳስበኝ ወቅቱ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ገበሬው ለበቆሎ መሬቱን የሚያርስበት፣ ጎተራውም መጉደል የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሞፈር ይዞ የዋለን ሰው እስከ 11 ሰዓት ቆይ ብዬ መድረክ ላይ ቆሜ ለማወጅ ይከብደኛል። የእኛ ሰዎች ይጾማሉ፤ ዝናብ ሲዘገይ፣ ሰው ሲታመም፣ ሰላም ሲጠፋ በአንድ ቃል ተጠራርተው ይጾማሉ። ኢዩኤል ጾምን ቀድሱ ያለው አንበጣ አገሩን በበላበት ዘመን ነውና ይህም መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው። አዲስ አበባ ያለ አጥቢያ ለራሱ ቢወስን አልቃወምም፤ ወደ ሲኖዶስ ወጥቶ ለሁሉም እንዳይወርድ ግን ከአሁኑ እናገራለሁ።

የመሠረተ ክርስቶስ ምእመን፦ ከሌላ ቤተ እምነት ስለ ሆንሁ ብዙ አልናገርም። በ1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ተዘግታ ሕንፃዎቿ ሲወረሱ፣ በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነን እንገናኝ ነበር። ወጡ የሚሠራው እንግዳ የተጠራ ለማስመሰል ነበር፤ አብዛኛውን ቀን ሳንበላው እንጸልይ ነበር። ያን ጊዜ የጾም ቀን የሚወስንልን መርሐ ግብር አልነበረንም፤ እርስ በርሳችን ግን «በዚህ ቀን» ተባብለን ነበር። ስለዚህ ጾምን በጋራ መጾም ሕግ ነው የሚለው የወንድማችን የተማሪው ክርክር አይገባኝም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ በአንጾኪያ የጾሙትም ተስማምተው በአንድነት ነው።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ ጋሽዬ፣ በስደት ዘመን የተጾመውን ጾም በአክብሮት እቀበላለሁ። የእርስዎ ምሳሌ ግን የእኔን ሐሳብ ይደግፋል። እናንተ በልብ ተስማምታችሁ ጾማችሁ፤ የቀረም ሰው ቢኖር ለሕይወቱ ፈርቶ እንደ ሆነ ይታወቅ ነበርና ማንም አልፈረደበትም። እዚህ የቀረበው ግን በየዓመቱ የሚደገም፣ በጉባኤ ድምፅ የሚጸድቅ፣ በመርሐ ግብር የሚታተም ነው። ለወጣቶች አገልጋይም እመልሳለሁ፦ የ21ዱን ቀን ዝርዝርም እቃወማለሁ፤ ያልጮኽሁት የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው።

ሽማግሌው፦ ስለ ሕሊና ነፃነት የተነሣው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ዙሪክን ሲጠቅስ፣ እኛ ሉተራን መሆናችንን አልፎታል። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1530 ሲወጣ ይህንኑ ጉዳይ በ26ኛው አንቀጽ አንሥቷል። እዚያ የተወገዘው ጾም ጸጋን ያስገኛል፣ ያለ እርሱም መዳን የለም ተብሎ ሕሊናን ማሰር ነው፤ ክርስቲያን ሥጋውን በጾምና በሥራ ሊያስገዛ እንደሚገባው፣ ለሥርዓት የሚጠቅሙ ልማዶችም ሊጠበቁ እንደሚችሉ ግን በዚያው አንቀጽ ተጽፏል። ሉተርም በትንሹ ትምህርተ ክርስቶስ ስለ ጌታ እራት ሲናገር ጾምን መልካም ውጫዊ ሥልጠና ብሎ፣ ለእራቱ ብቁ የሚያደርገው ግን እምነት መሆኑን ይጨምራል። እኛ ያረቀቅነው ከዚህ አያልፍም። የቄስን ማሳሰቢያ ደግሞ ከልብ እቀበላለሁ፤ ሐሳቡ የአንድ አጥቢያ ብቻ ነው፣ ወደ ሲኖዶስም አይሄድም።

የእህታችንን ነገር ግን በሙሉ ልቀበለው አልችልም። አዳራሹ ውስጥ ስለ ስድብ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሐሳብ በተሳሳተ ምክንያት የሚደግፈው ሰው ስላለ ብቻ ግን አይወድቅም፤ ያ ቢሆን ኖሮ የገናን በዓልም ባልጠበቅን ነበር።

የዲያቆኒያ ክፍል ኃላፊ፦ እስካሁን ስለ ገንዘቡ ማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ግን የሐሳቡ ዋና ነገር እርሱ ነው። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ድኾችን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ብርድ ያንቀጠቀጠውን ሰው አደባባይ ላይ ትቶ በአዳራሽ የሕማማትን ንባብ መስማት ጾም አይባልም። ስለዚህ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አሁን በተጻፈበት መልክ ወደ ምእመናን ጉባኤ ቢቀርብ ሥራው የሚወድቅብኝ እኔ ስለ ሆንሁ አስቀድሜ እናገራለሁ።

የምሳ ወጪ ይሰጥ ሲባል ሁሉም ምሳ ይበላል ተብሎ ታስቧል። በእኛ መዝገብ ላይ ያሉት አረጋውያን፣ ከቤተሰብ ርቀው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች፣ የቀን ሥራ ሲያገኙ ብቻ የሚበሉ አባቶች ረቡዕ ቀን የሚያስቀሩት ምሳ የላቸውም። እነርሱን በየሳምንቱ ባዶ ፖስታ ይዘው እንዲሰለፉ ማድረግ ጭካኔ ነው። የአሥራት ፖስታዎቻችን ላይ ስም እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ በወሩ መጨረሻ ያልሰጠው ማን እንደ ሆነ ጸሐፊው ያውቃል፣ ከጸሐፊውም ወደ ሌሎች ይደርሳል። የስኳር ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ መድኃኒታቸውን ከምግብ ጋር የሚወስዱ ሰዎችም «ለምን አልጾምህም» ተብለው ሕመማቸውን ለመዘምራን አስተባባሪ ማስረዳት የለባቸውም።

ስለዚህ ረቂቁ እንዲህ ቢታረም ብዬ ጽፌአለሁ። «ገንዘቡ ስም በሌለው ሳጥን ይሰበሰባል፤ የተገኘውና የወጣው በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ለጉባኤው ይነበባል። በጾሙም ሆነ በማታው ጸሎት ስለ መገኘት መዝገብ አይያዝም። ማንም ሰው ባለመጾሙ ከአገልግሎት አይታገድም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለመዘምራን፣ ለአስተናጋጆችና ለሰንበት ትምህርት መምህራን በስም ተጠቅሶ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፤ በጥቅሉ ከተጻፈ እያንዳንዱ ክፍል እኔን አይመለከትም ይላልና።

ሽማግሌው፦ ሳጥኑንና የሒሳቡን ንባብ እቀበላለሁ፤ ስለ አገልጋዮች የተጻፈውንም እንደግፋለን። በረቂቁ ላይ ያለው «ጉባኤው ያውጃል» የሚለው ቃል ግን ሳይነካ ይቆይ። «የፈለገ ይጹም» ብቻ ከተባለ ያው አሁን ያለንበት ነው፤ ሰው በግሉ ሁልጊዜም መጾም ይችላል፣ ለዚህ ሽማግሌዎች መሰብሰብ አያስፈልጋቸውም ነበር።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ እንግዲያው የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። የዲያቆኒያ ክፍል ኃላፊ ያቀረቡት ማረሚያ ከጸደቀ ማታ ለንባቡ እመጣለሁ፣ ሳጥኑም ውስጥ የምችለውን እጥላለሁ። «ያውጃል» የሚለው ከቆየ ግን በምእመናን ጉባኤ ላይ እጄን የማወጣው ለተቃውሞ ነው።

አወያይ፦ ረቂቁ ከነማረሚያው ለአጥቢያው ጸሐፊ ይላካል። «ያውጃል» በሚለው ቃል ላይ ጉባኤው ለብቻው ድምፅ እንዲሰጥበት የሚል ሐሳብ ከቄስ በጽሑፍ ደርሶኛል፤ ሽማግሌዎቹ በዚህ ላይ መልስ እንዲሰጡበት እጠይቃለሁ።