ዶክተሩ ክንዴን 90 ሰከንድ ይዞ ለቀቀኝ፣ ይሄ ሕክምና ነው?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እዚህ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ማንሳት ማገላበጥ ነው ስራዬ። ቀኝ ክርኔ በውጭ በኩል ማመም ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው፣ የቡና ጀበና እንኳን ማንሳት አቃተኝ። ዛሬ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ባጁ ላይ ኤምዲ ሳይሆን ዲኦ ነው የሚለው። ክርኔ አጠገብ አንዲት ቦታ በጣቱ ሲጫናት ጮህኩ፣ ይሄ 10 ነው በይ አለኝ፣ ከዛ ጣቱን ሳያነሳ ክንዴን ዘረጋና መዳፌን ወደ ላይ አዙሮ ከክርኔ በታች ያለውን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አደረገው፣ አሁንስ ስንት ሆነ ሲለኝ 2 ወይ 3 አልኩት። እንደዛ ይዞኝ ዝም አለ! አላሸኝም አልጎተተኝም። ከዛ ቀስ አድርጎ መለሰውና ደግሞ ተጫናት፣ እውነት ለመናገር ህመሙ በጣም ቀንሷል። እኔ ያደግኩት ወጌሻ በቅቤ እያሸ እንባ ሲያስወጣ እያየሁ ነው፣ ስለዚህ ግራ ገባኝ። ዲኦ ሙሉ ሐኪም ነው? ባለቤቴ ደግሞ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል፣ የግራ ባቱን ያመዋል፣ እቤት እኔው እንደዛ ባደርግለት ችግር አለው?

ዲኦ ተማሪ፦
እህቴ ያደረገልሽ ካውንተርስትሬን ይባላል፣ እኛም ትምህርት ቤት እርስ በርስ የምንለማመደው ነው። መጀመሪያ ዲኦ ማለት የኦስቲዮፓቲ (በእጅም የሚያክም የሕክምና ዘርፍ) ዶክተር ነው፣ እንደ ኤምዲ ሙሉ ሐኪም ነው፣ በ50ዎቹም ስቴት መድኃኒት ያዛል ቀዶ ጥገናም ይሰራል፣ የመጀመሪያውን የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል ሐኪም ሚዙሪ ከርክስቪል ላይ በ1892 ነው የጀመረው (ይሄ ግን የአሜሪካ ነው፣ ለንደን ያላችሁ ኦስቲዮፓት ስትሉ ፈቃድ ያለው የእጅ ባለሙያ ነው እንጂ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አይደለም)። ካውንተርስትሬንን ያገኘው ሎውረንስ ጆንስ የሚባል ዲኦ ነው፣ በ1955 ኦሪገን ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ያቃተው በሽተኛ ነበረው፣ ምንም ቢያደርግለት አልሻል ሲለው ቢያንስ እንቅልፍ ይወስደው ብሎ የማያመውን አተኛኘት ሲፈልግለት አገኘና 20 ደቂቃ ያህል እንደዛ ተወው፣ ሰውዬው ሲነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ! በ1964 ጻፈው። አሁን ወደ 90 ሰከንድ ወርዷል።

ሃሳቡ ከወጌሻ ተቃራኒ ነው። ጡንቻው ውስጥ መወጠሩን ለነርቭ የሚነግር ስሜት ተቀባይ አለ፣ እሱ ተሳስቶ "ተወጥሬአለሁ" እያለ ሲጮህ ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቀራል፣ ስለዚህ ጡንቻውን ጭራሽ አሳጥረሽ ስታሳርፊው ጩኸቱ ይበርዳል ነው የሚባለው። ይሄ ግምት ነው፣ የተረጋገጠ አይደለም፣ ጥናቶቹም ትንንሽ ናቸው። ህመሙ ቢያንስ 70 በመቶ እስኪቀንስ አቀማመጡን መፈለግ ነው ዋናው ሙያ፣ ሌላው ደግሞ ሲመለስ በጣም ቀስ ማለት፣ አንቺም ራስሽ እንዳታግዢ፣ በፍጥነት ከተመለሰ ልፋቱ ከንቱ ነው። ነገ ከነገወዲያ ሰውነትሽን ድቅቅ ቢልሽ አትደንግጪ፣ ያጋጥማል፣ ብቻ እነዚህን ሁለት ቀናት ከባድ ሰው አታንሺ።

ፓርኪንግ ሰራተኛ፦
እኔ ተረከዜን ነው የተሰራሁት፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ይመስለኝ ነበር። በሆዴ አስተኛኝና ጉልበቴን አጥፎ የእግሬን ጀርባ ጭኑ ላይ አስደግፎ ተረከዜን ወደ ጣቶቼ ገፋው፣ ያው 90 ሰከንድ። የዛን ቀን በደንብ ረገጥኩ፣ ደስ አለኝ፣ ግን በሳምንቱ ተመለሰብኝ ምክንያቱም ያንኑ ያለቀ ጫማ አድርጌ 10 ሰዓት ቆሜ ስለምውል። ጫማ ቀይሬ ባቴን የመሳሳብ ስፖርት ጠዋት ማታ ስጨምርበት ነው የተሻለኝ። ስለዚህ እህት አንቺም የምታነሺበትን መንገድ ካልቀየርሽ ክርንሽ ይመለስብሻል፣ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ ለማንሳት ሞክሪ።

ነርስ ነኝ ከአትላንታ፦
ሁላችሁም የባለቤቷን ነገር ዘለላችሁት እኮ። እባክሽ እህቴ ባቱን አትንኪው! ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው አንድ እግሩን ብቻ ካመመው መጀመሪያ የሚታሰበው የደም መርጋት ነው። ሁለቱን ባቶች በሜትር ለኪያቸው፣ አንዱ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ ማሸትም መጫንም የለም፣ የዛኑ ቀን አልትራሳውንድ ይነሳ። ትንፋሽ ካጠረው ወይ ደረቱን ከወጋው 911 ነው፣ ነገ ብሎ ነገር የለም። ምንም ባያብጥም ሐኪም ይየው፣ ደም መርጋት አለመሆኑ ሲታወቅ ካውንተርስትሬኑ ለባትም አለ፣ ሐኪሙ ይስራለት። ስብራት ወይ የተበጠሰ ጅማት የሚጠረጠርበት ቦታም ላይ አይሰራም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ደወልኩለት፣ ከበፊቱ ካልሲው ያጠብቀኛል አለ፣ ለእኔ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። መኪናውን አቁም ብዬዋለሁ፣ ወንድሜ ሊያመጣው ሄዷል፣ እኔም ሺፍቴን አስረክቤ ኢመርጀንሲ እንገናኛለን።